ቁርጥማት ላለበትና ሌላም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው



ማስታገሻ ፈልጎ ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣ ሰው የሚነግረን የሚያመውን ቦታ ነው። «ጉልበቴ አላስነሣ አለኝ»፣ «ሌሊት ጣቶቼን ይቆረጥመኛል»፣ «ወገቤ አላስቀምጥ አለኝ» ይላል። ሕመሙ ያለው እዚያ ነውና እውነቱን ነው። ማስታገሻው የሚመረጠው ግን ጉልበትን በማየት ብቻ አይደለም። ልቡ እንዴት ነው? ኩላሊቱስ? ጨጓራው ደምቶ ያውቃል? ከሁሉ በፊት ደግሞ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚውጣቸው ሌሎች ኪኒኖች ምንድን ናቸው? አንዱን ሰው አሳርፎ የሚያስተኛው ማስታገሻ ጎረቤቱን ሆስፒታል ሊያስተኛ የሚችለው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ምክንያት ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ስለ ሕመሙ ራሱ አጭር ነገር ልበልና ልለፍ። በዕድሜና በክብደት ብዛት የአጥንት ጫፍ ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው አንዱ ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ጉልበትን፣ ዳሌንና የእጅ ጣትን ይይዛል፤ ጠዋት ቢያደርቅም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል። የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን ሲያጠቃ የሚመጣው ደግሞ ሩማቶይድ ነው፤ የሁለቱንም እጅ አንጓዎች ያሳብጣል፣ ጠዋት ለረጅም ሰዓት ያደርቃል። ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም ድንገት የሚነሣው፣ ብዙ ጊዜም የእግር አውራ ጣትን የሚያቀላው ሪህ ነው። ሦስቱም ያማሉ፤ ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። ሩማቶይድን በማስታገሻ ብቻ አስታግሶ መቀመጥ መገጣጠሚያው ውስጥ ውስጡን ሲበላ ዝም ብሎ ማየት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሕመሙ የትኛው እንደሆነ በሐኪም ይታወቅ። እኔ ከዚህ በኋላ በአብዛኛው የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም እርሱ የሚበዛው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነው፤ የግፊት፣ የስኳርና የልብ መድኃኒት የሚወስዱትም በአብዛኛው እነርሱው ናቸው።

ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ ሜሎክሲካም፣ ሴሌኮክሲብ፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ ቤተሰባቸው አንድ ነው፤ ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች ይባላሉ። የቤተሰቡ ታላቅ አስፕሪን ነው። ዓለም አስፕሪንን ሰባ ዓመት ያህል ሲውጥ ኖሮ እንዴት እንደሚሠራ በትክክል ያወቀ አልነበረም። መልሱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሲሆን፣ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳያመርት ያግዳሉ። ፕሮስታግላንዲን በታመመው ጉልበት ላይ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ ስለዚህ ሲታገድ እፎይ እንላለን። ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውም እርሱ ነው። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባው የደም ሥር እንዳይጠብብ የሚያደርገውም እርሱ ነው። የዋጣችሁት ኪኒን ደግሞ ጉልበትን ከጨጓራና ከኩላሊት ለይቶ አያውቅም፤ ደም የደረሰበት ሁሉ ይደርሳል።

ይህን ከተረዳችሁ በአገራችን ሥር የሰደደ አንድ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል። «ኪኒኑ ጨጓራዬን ስለሚያቃጥለኝ መርፌውን ውጉኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። መርፌው ቂጥ ላይ ቢወጋም መድኃኒቱ በደም ዞሮ የጨጓራውን መከላከያ ያነሣዋል። ቁስለት የሚፈጠረው ኪኒኑ ጨጓራን በመንካቱ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጉዳት የሚመጣው በደም በኩል ነው። በባዶ ሆድ አለመውሰድም እንዲሁ ነው፤ ማቃጠሉን ያስታግስ ይሆናል፣ ከመድማት ግን ዋስትና አይሆንም። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው ከምግብ ጋር ስለወሰዱት ብቻ «ተጠንቅቄአለሁ» የሚሉ እናቶችን ሳይ አዝናለሁ፤ ጥንቃቄያቸው እውነተኛ ነው፣ የተነገራቸው ግን ግማሹ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጨጓራን የሚያቆስለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተሰራጨ ነው፤ ባክቴሪያውና ማስታገሻው በአንድ ጨጓራ ሲገናኙ አደጋው ይጨምራል። ጨጓራው ቆስሎ ወይም ደምቶ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ቤተሰብ ማንኛውንም ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አብሮ መውሰድ ጨጓራን በእርግጥ ይረዳል። ለኩላሊት ግን ምንም አያደርግም፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ኩላሊቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

አንዲት እናት በሐሳባችን እናምጣ። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው። ግፊት አለባቸው፤ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ስኳርም አለባቸው፤ ሜትፎርሚን ይውጣሉ። ጉልበታቸው ክረምቱ ሲገባ ብሶባቸዋል። ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ተገዛላቸው፤ ለጉልበታቸው በጣም ተስማማቸው፤ ደስ አላቸው። አሁን በኩላሊታቸው ውስጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። የኩላሊት ማጣሪያ የሚሠራው በግፊት ነው፤ መግቢያና መውጫ እንዳለው የውኃ ቧንቧ አስቡት። ኤናላፕሪል መውጫውን ያሰፋዋል፤ ይህ ለብቻው ሲሆን ጥሩ ነው፣ ስኳር ያለበትን ኩላሊት ይጠብቃል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት እያሸና በቧንቧው የሚያልፈውን ውኃ ይቀንሳል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ መጥቶ መግቢያውን ያጠበዋል። መግቢያው ጠብቦ፣ መውጫው ሰፍቶ፣ ውኃው ቀንሶ ማጣሪያው ግፊት ያጣል። እኒህ እናት በዚያው ሳምንት ተቅማጥ ቢይዛቸው ወይም ሙሉ ቀን ውኃ ሳይጠጡ ቢጾሙ ኩላሊታቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ኩላሊቱ ሲደክም ሜትፎርሚኑም አይወጣም፤ በደም ውስጥ ተከማችቶ ሌላ አደጋ ይፈጥራል። የሚያሳዝነው፣ ኩላሊት አያምም። ጉልበታቸው የተሻላቸው እናት «ዳንኩ» እያሉ ነው።

በእንግሊዝ አገር የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከ480 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ይህን ሦስትዮሽ ጥምረት መዝኖታል። ሦስቱን በአንድነት የሚወስዱ ሰዎች ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የሚደርስባቸው ፀረ ብግነቱን ከማይጨምሩት በ31 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ቀናት ደግሞ በ82 በመቶ። ከሁሉ አደገኛው የመጀመሪያው ወር ነው ማለት ነው። «ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምወስደው» የሚለው መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም። ኤናላፕሪልን ብቻ ሳይሆን ሎሳርታንን፣ ቫልሳርታንን፣ ሽንት ከሚያሸኑትም ፉሮሴማይድንና ስፓይሮኖላክቶንን የሚወስድ ሁሉ በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ ፀረ ብግነቶች ጨውና ውኃ ስለሚያስቀሩ ግፊትን ይጨምራሉ። ሐኪሙ ግፊቱ ለምን እንዳልወረደ ግራ ገብቶት ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨምር፣ ምክንያቱ ለጉልበት የተገዛው ኪኒን ሊሆን ይችላል።

ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖቼንም እዚህ ላይ አስታውሳለሁ። አሁን በአገራችን በስፋት የሚሰጠው ጥምር መድኃኒት ቴኖፎቪር አለበት። ቴኖፎቪር ለብቻውም የኩላሊት ክትትል ይፈልጋል፤ ዳይክሎፌናክ በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲጨመርበት ኩላሊት የተጎዳባቸው ሰዎች አሉ። መድኃኒታቸውን በዝምታ የሚወስዱ ብዙዎች ስለሆኑ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ አይናገሩም። መንገር ካልፈለጋችሁ ቢያንስ «ኩላሊት የሚነካ መድኃኒት እወስዳለሁ» በሉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች።

ልባችንስ? እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የበቃው ቫዮክስ የተባለ ማስታገሻ «ጨጓራ የማይጎዳ» ተብሎ በሰፊው ተወደሰ። ድንገተኛ የልብ ጥቃትንና የአንጎል ምትን እንደሚጨምር ስለተረጋገጠ አምራቹ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2004 ከመላው ዓለም ገበያ አወጣው። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ዳግመኛ ተመረመሩ። በ2013 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር፣ ዳይክሎፌናክም በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ከነቫዮክስ ዘመዶች ጋር የሚቀራረብ አደጋ እንዳለው አሳየ፤ አንድ ሺህ ሰዎች ለአንድ ዓመት ቢወስዱት፣ ባይወስዱት ኖሮ ከሚሆነው በላይ ሦስት ሰዎች ከባድ የልብ ወይም የደም ሥር አደጋ ይደርስባቸዋል፣ ከሦስቱም አንዱ ይሞታል። ናፕሮክሲን በዚህ ረገድ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጨጓራን ግን አይምርም። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የልብ ድካም ወይም የልብ ደም ሥር ሕመም ያለበት ሰው ዳይክሎፌናክ እንዳይወስድ ወሰነ። እኛ ጋ ዳይክሎፌናክ አሁንም እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለልባቸው በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን ለሚወስዱ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኢቡፕሮፌን አስፕሪን በደም ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ይይዝና አስፕሪኑ ሥራውን እንዳይሠራ ያደርገዋል። ሰውየው አስፕሪኑን አላቋረጠም፣ ግን እንዳልወሰደ ሊሆን ይችላል። አስፕሪንን ጠዋት ቀድሞ ወስዶ ኢቡፕሮፌኑን ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መውሰድ ይህን ችግር ይቀንሰዋል፤ ሁለቱ አብረው ጨጓራ የማድማታቸው ነገር ግን እንዳለ ነው።

ዋርፋሪን ስለሚወስዱ ሰዎች የማልጠራጠርበት ቃል ልናገር። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቫቸው ተጎድቶ፣ በቀዶ ጥገና ብረት ቫልቭ ገብቶላቸው፣ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች አሉ። ለእነርሱ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን በኪኒንም በመርፌም ክልክል እንደሆኑ ይቁጠሯቸው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትና ጨጓራ የሚያቆስል መድኃኒት በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ደሙ የሚቆምበት ምክንያት ይጠፋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን የሚወስዷቸው አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባንም በዚህ ከዋርፋሪን አይለዩም። ፓራሲታሞል ለእነዚህ ሰዎች የተሻለው ነው። ሆኖም በቀን ከ2 ግራም በላይ ለተከታታይ ቀናት ከተወሰደ የዋርፋሪንን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ የደማቸውን መርጋት የሚለካውን የአይ ኤን አር ምርመራ ቀደም አድርገው ያሠሩ።

እንግዲህ ምን ይወሰድ? እስካሁን «አይሆንም» ስላበዛሁ ይህን መጠየቃችሁ ትክክል ነው።

ለጉልበትና ለእጅ ጣት በመጀመሪያ የምመክረው በቆዳ የሚቀባ ዳይክሎፌናክ ጄል ነው። ወደ ደም የሚገባው ኪኒኑ ከሚያስገባው 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ጉልበት ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ ሕመሙ ጋ ይደርሳል። ለዳሌ ግን አይጠቅምም፤ ዳሌ በሥጋ ውስጥ ጥልቅ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በተጻፈው መጠን፣ ለተከታታይ ሳምንታት መቀባት ይፈልጋል፤ አንዴ ተቀብቶ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ሰው ዕድል አልሰጠውም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ በ2022 ሲታደስ ለጉልበት ከኪኒን በፊት ያስቀመጠው ይህንኑ ጄል ነው። ዋርፋሪን የሚወስድና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ጄሉንም ቢሆን ለሐኪሙ ሳይነግር አይጀምር።

ፓራሲታሞልን በተመለከተ ቀጥተኛ ልሁን። ለዚህ ዓይነት ሕመም ኃይሉ ትንሽ ነው፤ መመሪያዎቹም ዛሬ እንደ ቀድሞው ለሁሉም አይመክሩትም። ነገር ግን ኩላሊቱ ለደከመ፣ ጨጓራው ለደማ፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው በአፍ ከሚወሰዱት ሁሉ ጉዳቱ የሚያንሰው እርሱ ነው፤ ትንሽም ቢረዳ ትንሿን መናቅ የለብንም። ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ስምንት ኪኒን፣ የመጨረሻው ወሰን ነው። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ፣ በዕድሜ ለገፋ፣ የጉበት ሕመም ላለበት፣ አረቄ ለሚያዘወትር ሰው ወሰኑ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ስንት እንደሆነ ሐኪሙ ይንገረው።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር በሻንጣ ስለሚላከው መድኃኒት ሳልናገር አላልፍም። ልጅ ከአሜሪካ ለእናቱ ታይለኖል ይልካል፤ በካርቶኑ ላይ አሴታሚኖፌን ተብሎ የተጻፈው ከእኛው ፓራሲታሞል ጋር አንድ ነው። እናት የአሜሪካኑን ጠዋት፣ ከሰፈር የተገዛውን ማታ፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ደግሞ ውስጡ ፓራሲታሞል ያለበትን የጉንፋን ኪኒን ይወስዳሉ። ሦስት መድኃኒት የወሰዱ ይመስላቸዋል፤ የወሰዱት አንዱን ሦስት ጊዜ ነው። አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው፤ አሊቭ ናፕሮክሲን ነው፤ እነዚህን ከዳይክሎፌናክ ጋር መደራረብ ሕመሙን አይቀንስም፣ ጉዳቱን ግን ያበዛል። የምትልኩ ልጆች፣ በካርቶኑ ላይ በአማርኛ የመድኃኒቱን እውነተኛ ስምና የቀኑን ወሰን ጻፉላቸው።

ጄሉም ፓራሲታሞሉም አልበቃ ብሎ ፀረ ብግነት ኪኒን የግድ ከሆነ፣ የሚወሰደው በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከኦሜፕራዞል ጋር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ይታይ፤ ከጀመራችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግፊቱም ክሪያቲኒኑም ዳግመኛ ይታዩ። ጉልበት ውስጥ በሐኪም የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌም ለተወሰኑ ሳምንታት ያሳርፋል፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ስለሚል በደንብ ይከታተል።

ይህ የሐኪም መርፌ ሰዎች ያለ ትእዛዝ ከሚውጡት ከፕሬድኒሶሎንና ከዴክሳሜታዞን ኪኒን ጋር እንዳይምታታባችሁ። እነዚያ ኪኒኖች በሦስት ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ያስነሣሉ፤ ፊት ይሞላል፣ ምግብ ይበላል፣ ሁሉ ነገር ደስ ይላል። በዚያው ጊዜ ስኳር ይወጣል፣ ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፤ ከዳይክሎፌናክ ጋር ሲሆን ደግሞ ጨጓራ የመድማት ዕድሉ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ለሳምንታት ከወሰዱ በኋላ በድንገት ማቆምም ራሱ አደገኛ ነው፤ ወስዳችሁ ከሆነ በሐኪም እጅ ቀስ እያላችሁ ነው የምታቆሙት። ምንነቱ ያልተጻፈበት «የቁርጥማት መድኃኒት» በፍጥነት ተአምር ከሠራላችሁ ውስጡ ይህ ይኖር ይሆን ብላችሁ ጠርጥሩ።

ትራማዶል ኩላሊትንና ጨጓራን እንደ ፀረ ብግነቶቹ አይጎዳም፤ ስለዚህ ብዙዎች ወደ እርሱ ይሸሻሉ። ግን ያዞራል፣ አረጋውያንን ይጥላል፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ ሱስም ያስይዛል። ለድብርት ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ከሚወስድ ሰው ጋር ከተገናኘ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና መወራጨት ሊያመጣ ይችላል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄዱ ሴቶችና ወንዶች ደግሞ በተለይ ስሙኝ፤ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ትራማዶል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድና ያለ ሐኪም ወረቀት በሻንጣ መያዝ እስር ሊያስከትል ይችላል።

የሪህ ሕመምተኞችን ሳልጠቅስ ብቀር አግባብ አይሆንም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ስለሚጨምር ሪህን ሊያስነሣ ይችላል፤ ሎሳርታን ደግሞ ትንሽ ይቀንሰዋል። አንዳንድ ጊዜ የግፊት መድኃኒቱን መለወጥ ብቻ ማስታገሻውን ያስቀራል፤ ይህን ግን በራሳችሁ ሳይሆን ከሐኪማችሁ ጋር አድርጉት። ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን ለሄሊኮባክተር ከሚሰጠው ክላሪትሮማይሲን ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም፤ ኮልቺሲን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያደርገው፣ በተለይ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ «ኮልቺሲን እወስዳለሁ» በሉ። ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴት የሚወስዱም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚወሰድ አይርሱ፤ በየቀኑ በስሕተት የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል።

ከማንኛውም ኪኒን ጋር የማይጣላ አንድ ሕክምና አለ፤ ክብደትን መቀነስና የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ከሰውነት ላይ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሣ በጥናት ተለክቷል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ጥቂት ይዞ ማውረድ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። መጀመሪያ ላይ ቢያምም መገጣጠሚያውን አይጎዳውም። ጠበል የምትሄዱም ጸሎታችሁን ከመድኃኒታችሁ ጋር አድርጉት፤ የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የዋርፋሪኑን አታቋርጡ።

ማስታገሻ እየወሰዳችሁ ሰገራችሁ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ደም ወይም ቡና የመሰለ ነገር ካስመለሳችሁ፣ ሽንታችሁ በድንገት ካነሰ፣ እግራችሁ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማስታገሻውን አቁሙ፤ ሌሎቹን መድኃኒቶች ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሂዱ። ከግፊቱ እስከ ባሕላዊው፣ ከጄሉ እስከ ከውጭ የተላከው፣ የምትወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል አድርጋችሁ ያዙ፤ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ከመጀመሪያ ጥያቄዎቹ አንዱ «ምን ትወስዳላችሁ?» የሚለው ነው።